ሽማግሌ ያሰረ መስኮት

እስቲ መስኮት ምን አጥፍቶ ነው በኤሌክትሪክ የሚቀጣው? አባቶቻችን መስኮት ሲሠሩ ግድግዳውን ይበሱና ሳንቃ ይገጥሙበታል። ሲነጋ በእጃቸው ይገፉታል፣ ሲመሽ በእጃቸው ይስቡታል፤ አለቀ። አልከፈት ካለ አንድ ጊዜ በቡጢ ይሉታል፤ እሱም ይገባዋል። ኋላ ሰው መኪና ሠራ። ይሁን። ለመኪናው መስኮት አበጀለት፣ ለመስኮቱም የምትዞር እጄታ ሰጠው። ይህም ይሁን፤ እጄታ ማዞር ለክንድ ጤና ነው። ግን አንድ ቀን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጠግቦ ያደረ አንድ ሰው ተነሣና «ይህችን እጄታ ማዞር ደከመኝ፤ ከእንግዲህ መስኮቱ በኤሌክትሪክ ይውጣ፣ በኤሌክትሪክ ይውረድ» አለ። ይህን ሰው አላውቀውም። ባገኘው ግን የምለው አለኝ። ትዳሬን ሊያፈርስብኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ነው። ያን ጊዜ የምሠራው መብራት ቤት ነበር። መብራት ቤት ስላችሁ እንደ ከተማው ሰው እንዳትሳሳቱ። ሥራዬ የከተማው ሞተር ከሚጮህበት ግቢ ጥግ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። አምፖል አወጣለሁ፤ ሽቦ በክንድ እየለካሁ እሰጣለሁ፤ የተሰበረ የሽቦ ምሰሶ ሲኒ እመልሳለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ነገር ቢኖር የሚመጣበትን ካርቶን ነው። ይህን ለማን ትነግራለህ? «መብራት ቤት ነው የሚሠራ» ከተባለ አለቀ። ሬዲዮው ያንኮራፋበት፣ ካውያው የነዘረው፣ ባትሪው የደከመበት ሁሉ እኔ ደጅ ይቆማል። «ኧረ እኔ አላውቅም» ስል «አቤት ኩራት!» ብለው ይሄዳሉ። ባለማወቄ ኩሩ የተባልሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ታዲያ በዚህ መካከል የገዛ ቤቴ አምፖል ተቃጠለች። ባለቤቴ ይታይሽ «ለአገሩ ሁሉ አምፖል እያደልህ ለቤትህ አንዲት ታጣለህ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የመንግሥት ዕቃ ወደ ቤቴ አላስገባም፤ አላስገባም ብያለሁ። «እንግዲያው ከሱቅ ግዛ» ትላለች። እንዴት አድርጌ? የአምፖል ዕቃ ቤት ኃላፊ ገበያ መካከል ቆሞ «አምፖል አላችሁ?» ሲል ሰው ምን ይለኛል? ዓባይ ዳር ቤት ሠርቶ ውኃ የሚበደር ማለት እኔ አይደለሁም? ስለዚህ ኩራዝ አበራን። ኩራዝ ምን አላት? ታስነጥሳለች እንጂ አታበራም።

አንድ ምሽት ስማቸው የሚባለው የይታይሽ ወንድም ከአማኑኤል ከተማ ሊጠይቀን መጣ። በራችን ሥር የተቀመጠውን እንስራ አላየውም። እንስራው ተሰበረ፤ የሱም ቁርጭምጭሚት ወለም አለ። እኔም «እግዚአብሔር ይማርህ» ማለት ሲገባኝ «ዓይን የለህም?» አልሁት። በቃ። ይታይሽ በማግሥቱ ወንድሟን ደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አማኑኤል አባቷ ዘንድ ገባች። ከአባቷ ከባላምባራስ ታደገ የደረሰኝ መልእክት አጭር ነበር፤ «ልጄን ለጨለማ አልዳርኋትም። አልመልሳትም።»

ቤቱ ያለ ይታይሽ ሲታይ ጨለማው የኩራዝ እንዳልሆነ ገባኝ። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ሁለት ሰው ለመንሁ። አንደኛው የቅኔው መምህር መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። እሳቸው «እንደምን አደርህ» ሲሉህ እንኳ ከሥሩ ሌላ ነገር የተቀበረ ይመስልሃል፤ መንገድህን እየሄድህ «ምን ማለታቸው ነው?» ትላለህ። ሁለተኛው ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ባላምባራስ ጨርቅ የሚገዙት ከሳቸው ብቻ ነው፤ ቃላቸውን አይጥሉም። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎች በጭነት መኪና፣ በጆንያ ላይ ተቀምጠው ለሽምግልና አይላኩም። ስለዚህ ግራዝማች አለሙ ዘንድ ሄድሁ።

ግራዝማች አዲስ አበባ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዙት አሜሪካ ሠራሽ መኪና አላቸው። ርዝመቱ ለጉድ ነው፤ አፍንጫው ገበያውን ካለፈ በኋላ ጅራቱ ገና ይመጣል። የመስኮቱ ነገር ታዲያ እዚያ ነው ያለው። እጄታ የለውም። በየበሩ ላይ የኮት ቁልፍ የምታክል ብርማ መጫኛ አለች። እሷን ስትጫን መስታወቱ እዝዝዝ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሾፌሩ በር ላይ ደግሞ አራቱንም የሚያዙ አራት መጫኛዎች አሉ።

«መኪናውን ውሰድ» አሉኝ ግራዝማች። «ደምሴ ይነዳችኋል። ግን ይህ መስኮት አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። አንተ የመብራት ቤት ሰው ነህ፤ እግረ መንገድህን ታየዋለህ።»

«ግራዝማች፣ እኔ እኮ ዕቃ ቤት ነው የምሠራ፤ ስለ ኤሌክትሪክ አንዳች...»

«ይህን ትሕትናህን ነው የምወድልህ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በግንቦት ፀሐይ፣ ከመኪናው አጠገብ ተሰበሰብን። ሾፌሩ ደምሴ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የራሱን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ኮፈኑን አንሥቶ ቆሟል። መስታወቶቹ ሁሉ እስከ ጫፍ ተዘግተዋል።

«እህሳ፣ የመብራት ቤት» አለኝ። «ምኑ ነው?»

«ፊውዝ ይሆናል» አልሁ። ለምን ፊውዝ አልሁ? የማውቀው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ካርቶን ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ።

ደምሴ ፊውዟን ፈልጎ አወጣ፤ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ ሰካት። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል ጎንበስ ብሎ መጫኛዋን ነካት። እዝዝዝ! መስታወቱ ወረደ። እዝዝዝ! ወጣ። መሪጌታ ልሳነወርቅ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና «ወይ ጥበብ!» አሉ። እኔም ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ። ውሸት ለምን እናገራለሁ? ለአንድ አፍታ «ሳላውቀው አውቅ ኖሯል» ብዬ ነበር።

ተሳፈርን። እኔ ከፊት ከደምሴ ጎን፣ መሪጌታ ከኔ ኋላ፣ ሐጂ ከደምሴ ኋላ ሆንን። በሩን ጥርቅም አደረግንና መንገድ ጀመርን። ከከተማው እንደወጣን መሪጌታ ነፋስ ቢያምራቸው መጫኛቸውን ተጫኑ። ዝም። ሐጂ የሳቸውን ተጫኑ። ዝም። ደምሴ አራቱንም ተራ በተራ ቀጠቀጣቸው። ዝም!

ፀሐዩ በመስታወቱ እየገባ መውጫ አጣ። መሪጌታ ከወፍራም ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጋቢውንም አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ላባቸው ከጥምጥማቸው ሥር ተነሥቶ ጢማቸው ላይ ይገናኛል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ይህ መስኮት የሚከፈተው በጸሎት ነው በስለት?»

ሐጂ ሰይድ በመሐረብ ፊታቸውን እየጠረጉ «እኔ መካ ደርሼ መጥቻለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለ ሙቀት ግን አላየሁም።»

«አንተ ደምሴ፣ ቁም!» አሉ መሪጌታ። «ከማስታረቃችን በፊት መቀቀላችን ነው።»

ደምሴ መነጽሩን እንኳ ሳያነሣ «መሪጌታ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑ ነዎት፤ የዚህ መኪና መሪውም ጌታውም እኔ ነኝ» አለ። ግን ቆመ፤ እሱንም ስለሞቀው ነው።

ወረደ። ኮፈኑን አነሣ። «አሁንስ ምን ትላለህ?» አለኝ። ፊውዝ ካለቀብኝ በኋላ የቀረኝ ቃል ባትሪ ነበር፤ ባትሪ አልሁ። የባትሪውን ጫፎች በቢላዋ ፋቀ፣ አጠበቀ። ተመልሶ በተከፈተው በሩ ጎንበስ ብሎ ተጫነ። እዝዝዝ! አራቱም መስታወቶች ወረዱ። እልል ልንል ምንም አልቀረን። ገባን፤ በሩን ጥርቅም አደረገ፤ ነፋሱ በአራቱም በኩል ያፏጭ ጀመር። መሪጌታ ነፍሳቸው ተመልሶ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያንጎራጉራሉ።

ታዲያ ምን ይሆናል? ከፊታችን እህል የጫነ መኪና ነበራ። የዚያ መንገድ አቧራ ሲነሣ አቧራ አይባልም፤ መንገዱ ራሱ ተነሥቶ ነው የሚመጣብህ። «ዝጋው!» አልን በአንድ ድምፅ። ደምሴ ተጫነ። ዝም። «ዝጋው እንጂ!» ዝም። ጭነቱን እስክናልፍ ድረስ አራታችንም አንድ መልክ ሆነናል። ሐጂ ነጭ ኮፍያ አድርገው ነበር የተሳፈሩት፤ የት እንዳለ ጠፋኝ፤ ኋላ ሳየው ራሳቸው ላይ ነው። አቧራውን ተፍተው «ልጄ» አሉ፤ «ወይ ክፈትልን፣ ወይ ዝጋልን፤ ስንፈልግ መንፈግ ሳንፈልግ መስጠት ምን የሚሉት ጠባይ ነው?»

እኔ በዚህ ጊዜ ተናድጃለሁ። ይኸውላችሁ፣ ሲቆም ይሠራል፣ ሲሄድ አይሠራም! ስንመረምረው ጤነኛ፣ ስንሳፈርበት በሽተኛ! ይህ የዕቃ ጠባይ ነው? ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ ያውም ዳኛ ሲያይ ብቻ የሚያነክስ የሙግተኛ ጠባይ። «አቁም!» አልሁት ደምሴን።

ቆምን። አህዮቹን እየነዳ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ቀረብ ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። አሰብ አድርጎ «የኔም ሳንቃ እንዲህ ይለኝ ነበር» አለ። «ቅቤ ቀባሁት፤ ተወኝ።»

«አባቴ፣ ይህ እኮ በኤሌክትሪክ ነው!» አልሁት በቁጣ።

«እንግዲያማ ብዙ ቅቤ ነው የሚፈልግ» ብሎ አህዮቹን ነዳ።

ደምሴ በብሎን መፍቻ የመጫኛዎቹን ክዳን ፈታና ውስጡን አይቶ «ቆሽሿል፤ በአልኮል መታጠብ አለበት» አለ። አልኮል ከየት ይመጣል? ለባላምባራስ እጅ መንሻ የያዝሁት የአረቄ ጠርሙስ ነበር። በጥጥ ለመጫኛው ጠብ ያደርጋል፤ «ጥራቱን ልየው» እያለ ደግሞ በአፉ ጠብ ያደርጋል። ክዳኑን መልሶ ገጠመ። በተከፈተው በሩ ጎንበስ ብሎ ተጫነ። እዝዝዝ!

እኔ ግን ካሁን በኋላ የምታለል ሰው አይደለሁም። «እኩሌታው ላይ ይቁም!» ብዬ አዘዝሁ። «ቢሞቅም አቧራ ቢያስገባም ግማሹን እንቻለው።» አራቱም መስታወቶች እኩሌታቸው ላይ ቆሙ። በሩን ጥርቅም ስናደርግ መስኮቶቹ እንደገና ሞቱ፤ ግድ አልነበረንም።

አማኑኤል ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሰማዩ ጠቆረና የግንቦት ዶፍ ወረደ። ግማሽ መስኮት ግማሽ ዝናብ ያስገባል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይደለም፤ ሙሉውን ነው የሚያስገባ። በላያችን ላይ የነበረው አቧራ ጭቃ ሆነ። ሐጂ መኪናው ውስጥ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ የጃንጥላው ጫፍ ጆሮዬን ይወጋኛል። ዝናቡ ሲያባራ መሪጌታ የበሰበሰውን የጋቢያቸውን ጫፍ ይደርቅላቸው ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ጣሉት። ጣታቸውን ግን ከመጫኛዋ ላይ አያነሡም።

«መሪጌታ፣ ይተዉት እንጂ፤ ሞቷል» አልኋቸው።

«አንድ ቀን ልቡ ይራራ ይሆናል ብዬ ነው» አሉ።

ራራ እንጂ! የራራበትን ጊዜ ግን ስሙ።

የባላምባራስ ግቢ አማኑኤል ዳር ነው፤ በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ደጁ ሁሉ ጭቃ ስለሆነ ደምሴ ደረቅ መሬት ሲፈልግ በቀኝ በኩል ካቡን አስታክኮ አቆመው። በኔና በመሪጌታ በኩል ያሉት በሮች ከካቡ ጋር ተላትመው ከጣት የበለጠ አይከፈቱም። ደምሴ ሊወርድ በሩን ከፈተ። ወዲያው ከኋላዬ እዝዝዝ የሚል ሰማሁ። መሪጌታ ደንግጠው ጣታቸውን እስኪያነሡ ድረስ መስታወቱ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ጣራ ደርሷል። ደምሴ ምኑንም ሳያይ በሩን ጥርቅም አድርጎ ሊያንኳኳ ወደ ግቢው ሄደ። መሪጌታ ወደ ታች ቢጫኑ፣ ቢጫኑ፣ ዝም። ጋቢው አንገታቸው ላይ ዞሮ ነበርና ጉንጫቸው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ለመፍታት ቢታገሉ የረጠበ ጋቢ አይፈታም፤ ይጠብቃል።

«ቁረጡልኝ አልል፣ ጋቢዬ ነው። ጥዬው አልወጣ፣ ሽማግሌ ነኝ» ይላሉ ሲያቃስቱ።

የግቢው በር ተከፈተ። ባላምባራስ ታደገ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ወጡ፤ የአጥቢያው ጭቃ ሹምም አብሮ ነበር። ባል በሽምግልና ቀን ሽማግሌዎቹ ሳይለምኑለት ለአማቱ አይታይም፤ ስለዚህ እኔ ከመቀመጫው ሥር ተኮራመትሁ። ሐጂ ሰይድ ብቻቸውን በግራ በኩል ወርደው ጭቃው ላይ ቆሙ።

«ሐጂ፣ እንኳን ደህና መጡ። መሪጌታስ?»

«አሉ። መኪናው ውስጥ ናቸው።»

«አይወርዱም?»

«ይወርዳሉ... ኢንሻአላህ።»

ባላምባራስ ወደ መኪናው ቀረቡ። መሪጌታን አዩዋቸው፤ ጉንጫቸውን መስታወት ላይ አስደግፈው ወደ ሰማይ ያያሉ። «መሪጌታ! ምነው? ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ነው የሚለምን። ከመኪና ሳይወርድ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ። ይውረዱ እንጂ!»

መሪጌታ በታነቀ ድምፅ «ባላምባራስ፣ እኔ እንድወርድ መጀመሪያ እሱ ይውረድ!» አሉ።

መስታወቱን ነበር ያሉት። ግን የቅኔ መምህር «መስኮት» ቢል ማን መስኮት ብቻ ነው ብሎ ይሰማዋል? ጎረቤቱ ሁሉ ወርቁን ፍለጋ ገባ። አንዱ «አማችየውን ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ባላምባራስን ነው፤ ከኩራትዎ ይውረዱ ነው የሚሏቸው» አለ። ባላምባራስ ይህን ሰሙ።

«እኔ ነኝ የምወርድ? በገዛ ደጄ?»

«የለም፣ የለም!» አሉ መሪጌታ እየታገሉ። «ሲወጣ ማንንም ሳይጠይቅ ነው የወጣው! ከወጣ በኋላ ግን ይኸው አንገቴን ይዞ አልወርድም አለ!»

ያን ጊዜ በጃንሆይ አገር «ወጣ፣ አልወርድም አለ» የሚባለው ስለ መስታወት ብቻ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። አንዱ ጎረቤት ከብቶቹ ትዝ ብለውት ቶሎ ቶሎ ሄደ። ጭቃ ሹሙ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይጠርግ ጀመር፤ ጫማ አላደረገም ነበር።

እኔ ከመቀመጫው ሥር ሆኜ ደሜ ፈላ። ሚስቴን ልመልስ መጥቼ ሽማግሌዬን ላሳስር ነው! ለአንዲት መስታወት! ደንብ የለ፣ ሥርዓት የለ፣ ወጥቼ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ተነሣሁ። በኔ በኩል ካብ ነው፤ ስለዚህ በሾፌሩ መቀመጫ ላይ በደረቴ ተሳብሁና በሩን በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። በሩ ከፊቴ ተለቀቀ፤ እኔም ተከተልሁት። በአፍጢሜ ጭቃው ላይ፣ ከባላምባራስ እግር ሥር!

በዚያችው ቅጽበት ከኋላዬ እዝዝዝ አለ። መስታወቱ ወረደ፤ መሪጌታም «ተመስገን!» ብለው ተለቀቁ።

«ወረደ!» አለ ሰዉ ሁሉ።

ባላምባራስ እግራቸው ሥር የወደቅሁትን እያዩ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ተነሥ፣ ተነሥ ልጄ። ይህን ያህል መውረድስ አልጠየቅሁህም።» እኔ የመስኮቱን ነገር ላስረዳ አፌን ከፈትሁ፤ አፌ ጭቃ ሞልቶት ስለነበር ቃል አልወጣኝም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፌ የጠቀመኝ የለም።

ወደ ቤት ገባን። ሐጂና መሪጌታ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለመኑ፤ ባላምባራስም ለእግዚአብሔር ብለው ተዉልኝ። አምፖሉን ሐጂ ራሳቸው «ሰው ሳያይ በጨርቅ ጠቅልዬ እሰድለታለሁ» ብለው ዋስ ሆኑ። ከዚያ ይታይሽ ተጠራች። ከጓዳ ብቅ ብላ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አየችኝ። እሷን የሚያታልል ገና አልተወለደም።

«ወድቀህ ነው፣ ወድቀህልኝ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም» አልሁ።

ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ግን ያዘችው። «መጀመሪያ ወንድሜን ይቅርታ ጠይቅ» አለች።

ስማቸው እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። ሄጄ ጉልበቱን ሳምሁት። «ዓይን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። «እንስራው ደህና ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ይታይሽ ሳቀች። ያችን ሳቅ ስሰማ ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል የዋጥሁት አቧራ ሁሉ ማር ሆነልኝ።

እሷ ዕቃዋን እስክትሸክፍ እኔ ወደ መኪናው ወጣሁ። ነገሩ አላስችል ብሎኝ ነበር። ለምንድነው እኔ ስወድቅ የወረደው? የሾፌሩን በር ከፍቼ ተጫንሁ፤ እዝዝዝ። ዘግቼ ተጫንሁ፤ ዝም። ከፍቼ፤ እዝዝዝ። ዘግቼ፤ ዝም። በሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ማጠፊያ ላይ አንድ የጎማ ቱቦ አለ፤ ብሰነጥቀው የሁሉም መስኮቶች ኤሌክትሪክ የሚያልፍባት ሽቦ ውስጡ ተበጥሳለች። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ጫፎች ይነካካሉ፤ ሲዘጋ ይለያያሉ። አያችሁት? ስንመረምረው ሁሌም በሩን ከፍተን ነው የምንመረምረው! ፊውዙ አልታመመም፣ ባትሪው አልታመመም፣ አረቄዬም በከንቱ ፈሰሰ። መስኮት ለመዝጋት በር የሚያስከፍት መኪና! ይህን የሠራው ሰው እናት የለውም?

ጮኼ ስናገር ሰው ተሰበሰበ። ባላምባራስም መጡ። «እስቲ ልየው» አሉና በሾፌሩ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። በሩን ከፍተው ተጫኑ። እዝዝዝ። ፊታቸው በራ። ሌላውን ተጫኑ። እዝዝዝ። አራቱንም እያከታተሉ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላውን ያስወርዳሉ። «አሃ! ይኸኛው ሰነፍ ነው፤ ቀድሞት ወጣ» ይላሉ። ኮስታራው ባላምባራስ፣ ሲቆጡ ውሻቸው እንኳ ግቢ የሚለቅላቸው ሰው!

ፀሐዩ አዘቀዘቀ፤ እሳቸው አልወረዱም። ሐጂ ቀረቡና «ባላምባራስ፣ መንገዱ እንዳይመሽብን» አሉ። አልሰሙም። መሪጌታም ጋቢያቸውን ይዘው ቆሙ። «ባላምባራስ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ይውረዱልን!» አሉ። ልጅቱን ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች አሁን አባቷን ይለምኑ ጀመር።

ይታይሽ ጓዟን ይዛ ብቅ አለች። አባቷን አየች፤ እኔን አየች። «አባባ» አለች፤ «ከባሌ ጋር የምሄደው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

ባላምባራስ አፍረው ወረዱ። እኛም ተሳፈርን፤ ይታይሽ ከኋላ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ተቀመጠች። ደምሴ መነጽሩን አስተካክሎ ቁልፉን አዞረ። ጢክ። ደግሞ አዞረ። ጢክ። ሦስተኛ ሲያዞር ጢኩም ጠፋ። ባላምባራስ መስኮት ሲያጫውቱ ባትሪውን ጨርሰውት ኖሯል።

ምን ምርጫ አለ? «ይገፋ!» ተባለ። ጎረቤቱ፣ ጭቃ ሹሙ፣ ስማቸውም በአንድ እግሩ እያነከሰ ከኋላ ተሰለፉ። ከሁሉም መካከል ትከሻቸውን ሰጥተው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ «በሉ እንጂ፣ አትለግሙ!» እያሉ የሚጮኹት ባላምባራስ ነበሩ። መኪናው ተንደረደረ፣ አስነጠሰ፣ ተነሣ። ዞር ብዬ ሳይ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው በደስታ ይጮኻሉ።

ልጄን አልመልስም ያሉት ሰው፣ ልጃቸውን በገዛ ትከሻቸው ገፍተው ሸኙልኝ።